ቀኑ አጠረ ብላችሁ ቤት አትቅሩ

የፈረንጆቹ ገና ሲቃረብ አሜሪካ ባለ አበሻ ቤት ሁሉ አንድ ጥያቄ ይነሳል፤ “ኦፍ ነን፤ የት እንሂድ?” መልሱም ወዲያው ይከተላል፤ “በዚህ ብርድ? ገና ከሰዓት በኋላ አራት ተኩል ሲል ለሚጨልም ቀን ምን መንገድ ያስወጣል?” ጉዳዩ እዚያው ያልቃል። ዓመቱን ሙሉ ኦቨርታይም እየተሠራ፣ ሺፍት እየተለመነ የተገኘ ዕረፍት ብርድ ልብስ ውስጥ ያልፋል። ጃንዋሪ ሲገባ ሁሉም ወደ ሥራው ይመለሳል። ገላው አርፏል፤ መንፈሱ ግን ባለበት ነው።

ወዳጆቼ፣ ዘንድሮ እንዲህ እንዳይሆንባችሁ ነው ይህን የምጽፍላችሁ። ያ ቶሎ የሚመጣው ጨለማ፣ እናንተን ከቤት የሚያስቀረው ጨለማ፣ ትልቅ ከተማን ለማየትና ፎቶ ለማንሳት ከዓመቱ ሁሉ የተመቸ ጊዜ ነው። ለማጽናናት ብዬ አይደለም፤ ምክንያቱን አንድ በአንድ አሳያችኋለሁ። ምክንያቱን የተረዳ ሰው ደግሞ ትምህርቱን ከካሜራው አልፎ ወደ ኑሮው ይወስደዋል።

ለምሳሌ ኒው ዮርክን እንውሰድ። ከዋሽንግተን ዲሲ በአውቶብስ አራት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ከፊላደልፊያ ሁለት ሰዓት ያህል ይፈጃል። ብዙዎቻችን በዚያ ከተማ ዘመድ ወይም የሰፈር ልጅ አለን። ሆኖም አሜሪካ ዓመታት ኖረው ከተማዋን ከኤርፖርቱ ውጪ ያላዩዋት ጥቂት አይደሉም።

አንድ መስኮት፣ 15 ደቂቃ

ቤረኒስ አቦት የምትባል አሜሪካዊት ፎቶግራፍ አንሺ ነበረች። (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን፣ ሰዓቶቹንም በአሜሪካኖቹ አቆጣጠር ያንብቡልኝ።) በ1898 ኦሃዮ ተወለደች። ፓሪስ ሄዳ ማን ሬይ በተባለው ስመ ጥር ባለሙያ ስቱዲዮ በረዳትነት እየሠራች ሙያውን ተማረች። በ1929 ወደ ኒው ዮርክ ስትመለስ ከተማዋ ተለውጣ አገኘቻት። አሮጌው እየፈረሰ ሰማይ ጠቀስ ሕንፃ ይቆማል። በ1931 ኤምፓየር ስቴት ሕንፃ በ102 ፎቁ የዓለም ረጅሙ ሕንፃ ሆኖ ተመረቀ። አቦትም አንድ ነገር ተመኘች፤ ከተማዋን በምሽት ከላይ ሆኖ፣ የፎቆቹ መስኮቶች ሁሉ በርተው ሳለ በፎቶ ማስቀረት።

ምኞቷ ቀላል ይመስላል፤ ሁለት እንቅፋት ግን ነበረበት። የዚያ ዘመን ፊልም በጨለማ ምስል ለመያዝ ብዙ ደቂቃ ይፈልጋል። የቢሮ ሠራተኛው ደግሞ አምስት ሰዓት ሲሞላ መብራቱን አጥፍቶ ወደ ቤቱ ይሄዳል። በበጋ አምስት ሰዓት ላይ ፀሐይዋ ገና ከፍ ብላ ትታያለች፤ ሲጨልም መስኮቱ ሁሉ ጠፍቷል። ታዲያ ጨለማውና የበራው መስኮት የሚገናኙት መቼ ነው?

አቦት አሰላችው። ዓመቱን ሙሉ የሚገናኙት ቀኑ እጅግ በሚያጥርበት በዲሴምበር መጨረሻ፣ ያውም ከአራት ተኩል እስከ አምስት ባለው ጊዜ ብቻ ነው። ስለዚህ ቀኑን ጠበቀች። በኤምፓየር ስቴት ሕንፃ ከፍ ካለው ፎቅ ላይ አንድ መስኮት አስፈቀደች። ውጪ ነፋሱ ካሜራውን ስለሚያነቃንቅባት ከውስጥ፣ ከመስኮቱ ሥር ተከለችው። ሌንሱን ከፍታ 15 ደቂቃ ጠበቀች። ለሁለተኛ ሙከራ ጊዜ አልነበራትም፤ አምስት ሰዓት ሲሞላ ከተማዋ መስኮት በመስኮት ትጠፋለች። እንዲህ የተነሳው የ1932ቱ “የምሽት እይታ” እስከ ዛሬ በታላላቅ ሙዚየሞች ይታያል፤ ስለ ኒው ዮርክ ምሽት የሚያወራ ሁሉ ያነሳዋል።

እስቲ ቆም ብላችሁ አስቡት። ሁሉም ሰው “ቀኑ አጠረብኝ” በሚልበት ሳምንት እርሷ ቀኑ እስኪያጥር ትጠብቅ ነበር። የሌላው ሰው ማማረሪያ ለእርሷ የሥራ መሣሪያ ሆነላት። ልዩነቱ ዕድል አይደለም፤ ዝግጅት ነው። የምትፈልገውን ታውቅ ነበር፣ ሰዓቱን ቆጥራዋለች፣ ሰዓቱ ሲደርስም በቦታዋ ተገኝታለች። “ጊዜ ባገኝ፣ ገንዘብ ቢኖረኝ፣ ጥሩ ካሜራ ቢኖረኝ” የምንል ሁሉ ይህችን ሴት እናስታውሳት። በእጇ የነበረው አንድ መስኮትና 15 ደቂቃ ነው።

ሰማያዊው ሰዓት

አሁን ወደ እናንተ ጉዞ እንምጣ። በዲሴምበር መጨረሻ ኒው ዮርክ ላይ ፀሐይ የምትጠልቀው አራት ተኩል ገደማ ነው። ቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ያህል ብቻ ይረዝማል። በዚያው ሰሞን አዲስ አበባ ላይ 11 ሰዓት ተኩል ገደማ ብርሃን አለ፤ ስለዚህ አገር ቤት ያደገ ሰው ቀኑን ተቀማሁ ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም።

ፀሐይዋ ከጠለቀች በኋላ ግን ሰማዩ ወዲያው አይጠቁርም። ለግማሽ ሰዓት ያህል ጥልቅ ሰማያዊ ሆኖ ይቆያል። ፎቶግራፍ አንሺዎች “ሰማያዊው ሰዓት” ይሉታል። በዚያ ጊዜ የሰማዩ ብርሃንና የመስኮቶቹ ብርሃን እኩል ይሆናሉ፤ ካሜራ ሁለቱንም አንድ ላይ መያዝ ይችላል። ትንሽ ከዘገያችሁ ሰማዩ ይጠቁርና የሕንፃዎቹ ጫፍ ከጨለማው ጋር ይቀላቀላል፤ የሚታየው የተበታተነ መብራት ብቻ ይሆናል። ብዙ ሰው “የማታ ፎቶ አይወጣልኝም” የሚለው ካሜራው ደካማ ሆኖበት ሳይሆን ከሰዓቱ ዘግይቶ ስለሚወጣ ነው።

የክረምቱ ጉዞ ጥቅምም እዚህ ላይ ነው። በጁን መጨረሻ ኒው ዮርክ ላይ ፀሐይ የምትጠልቀው ከስምንት ተኩል በኋላ ነው። ሰማያዊው ሰዓት ሲመጣ ልጆች እንቅልፍ ይዟቸዋል፤ ብዙ ቢሮ ጨልሟል። በዲሴምበር ግን አምስት ሰዓት ላይ ሁሉም በርቷል። ሱቁ፣ ቢሮው፣ የበዓል መብራቱ፣ የመኪናው መብራት፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ። ልጆቻችሁን ይዛችሁ ትወጣላችሁ፣ የዓመቱን ምርጥ ፎቶ ታነሳላችሁ፣ ስድስት ሰዓት ላይ እራት ትቀመጣላችሁ፤ ምሽቱም ገና የእናንተ ነው። አጭር ቀን የሚሰጠውን ይህን ስጦታ ረጅም ቀን ሊሰጣችሁ አይችልም።

ከዚህ የሚወጣው የመጀመሪያው ምክር ይህ ነው፤ ቀድማችሁ ድረሱ። አራት ሰዓት ላይ በቦታው ተገኙ። በብርሃን ዙሩት። የት እንደምትቆሙ፣ ከኋላችሁ መንገድ መኖሩን፣ ምን ምን እንደሚታይ እዩ። ጨለማ ውስጥ ደንግጦ የሚሮጠው በብርሃን ቦታውን ያላየ ሰው ነው።

ጥቂት ብርሃን ለጸና ይበቃዋል

የማታ ፎቶ ምሥጢሩ አንድ ነው፤ ብርሃን ሲያንስ ጊዜ ይጨመራል። ካሜራው ረዘም ላለ ጊዜ ተከፍቶ ከቆየ ጥቂት በጥቂት የሚገባው ብርሃን ይጠራቀምና ሙሉ ምስል ይሆናል። ካሜራው ለብርሃን ያለውን ንቃት የሚወስነውን፣ አይ ኤስ ኦ የሚባለውን ቁጥር 6400 አድርጋችሁ በእጃችሁ ይዛችሁ የሰከንድ አንድ ስምንተኛ በሚሆን ፍጥነት ብታነሱ ምስሉ ይሻክራል፣ እጃችሁም ስለሚንቀጠቀጥ ይደበዝዛል። ያንኑ ቦታ ካሜራውን ትራይፖድ ላይ አስቀምጣችሁ፣ አይ ኤስ ኦውን ወደ 100 አውርዳችሁ ለስምንት ሰከንድ ክፈቱት። የምስሉ ብሩህነት ያው ነው፤ ምስሉ ግን የጠራ ይሆናል። ለውጡን ያመጣው መቆም ብቻ ነው።

በተግባር እንዲህ አድርጉ። ትራይፖዱን ደልዳላ መሬት ላይ ትከሉ፤ ነፋስ ካለ መሐለኛውን ዘንግ ዝቅ አድርጉት። አፐርቸሩን (የሌንሱን ቀዳዳ) ኤፍ 8 ወይም ኤፍ 11 ላይ አድርጉ፤ በተለይ በኤፍ 11 የመንገድ መብራቶች ዙሪያቸውን ጨረር ያወጣሉ። ፎከሱን ጨለማው ላይ ሳይሆን ብርሃንና ጨለማ በሚለያዩበት ጠርዝ፣ ለምሳሌ በአንድ የበራ መስኮት ጫፍ ላይ ያዙት። ሁለት ሰከንድ ታይመር አድርጉ፤ ጣታችሁ ቁልፉን ሲጫን የሚያመጣው ትንሽ መነቃነቅ ራሱ ምስል ያበላሻል። ፍላሹን አጥፉት። ወንዝ ማዶ ላለ ከተማ የእናንተ ፍላሽ ምንም አይፈይድለትም።

“እኔ ያለኝ ስልክ ነው” ለምትሉ ደግሞ ደስ ይበላችሁ። ዛሬ አብዛኞቹ ስልኮች ናይት ሞድ አላቸው። ስልኩ ጨለማ ሲያይ ብዙ ምስል በተከታታይ አንስቶ አንድ ላይ ያዋህዳቸዋል። የሚፈልገው ያንኑ ነው፤ አለመነቃነቅ። አጥር ላይ አስደግፉት፣ ግድግዳ ላይ ለጥፉት፣ ክርናችሁን ከጎናችሁ አጣብቁ፣ ትንፋሻችሁን ያዙ። ትንሽ የስልክ ትራይፖድ ካላችሁ ደግሞ ብዙ ስልኮች መረጋጋታቸውን ራሳቸው አውቀው የበለጠ ሰከንድ ይሰጧችኋል። መብራቱ ከበዛና ምስሉ ነጭ ከሆነባችሁ ስክሪኑ ላይ መብራቱን ነክታችሁ ጣታችሁን ወደ ታች ሳቡ፤ ቀለሙ ይመለሳል። በረዶ ከጣለ ደግሞ ተቃራኒውን አድርጉ፤ ካሜራ ነጭ ነገር ሲበዛበት አሳንሶ ስለሚያነሳ በረዶው ግራጫ ይሆናል፤ ትንሽ ብርሃን ጨምሩለት።

ይህን ሁሉ የምነግራችሁ ባለሙያ እንድትሆኑ አይደለም። ጥቂት ብርሃን፣ ጥቂት ገንዘብ፣ ጥቂት የዕረፍት ቀን እንደሚበቃ በእጃችሁ ሠርታችሁ እንድታዩት ነው። የሚያንሰን አብዛኛውን ጊዜ ያለን ነገር ሳይሆን ባለን ነገር ላይ ተረጋግተን የምንቆይበት ጊዜ ነው።

ሦስት ምሽት ለኒው ዮርክ

የመጀመሪያውን ምሽት ሚድታውን ላይ አሳልፉት። 42ኛው ጎዳና ከአምስተኛው አቬኑ በሚገናኝበት የኒው ዮርክ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት አለ፤ በ1911 የተከፈተ ነው። ከደረጃው ግራና ቀኝ ሁለት የእብነ በረድ አንበሶች ተቀምጠዋል። በ1930ዎቹ፣ ያ ታላቅ የኢኮኖሚ ቀውስ ሥራውን ሁሉ ባጠፋበት ዘመን፣ ከንቲባው ፊዮሬሎ ላጓርዲያ አንዱን ትዕግሥት፣ ሌላውን ጽናት ብሎ ሰየማቸው፤ የከተማው ሰው ያን ጊዜ ለማለፍ የሚያስፈልገው እነዚህ ሁለቱ ናቸው ብሎ። በበዓል ሰሞን አንገታቸው ላይ ትልቅ አረንጓዴ የአበባ ጉንጉን ይደረግላቸዋል። ጀማሪ ከሆናችሁ ከእነርሱ ጀምሩ። አይንቀሳቀሱም፣ አይቸኩሉም፣ አሥር ጊዜ ብትሳሳቱ ይጠብቋችኋል። ከኋላቸው ብራያንት ፓርክ ውስጥ ደግሞ የበረዶ መንሸራተቻ አለ። እዚያ ካሜራውን ለአንድ ሰከንድ ክፈቱት፤ ቆሞ የሚያየው ሰው ጥርት ብሎ ይወጣል፣ የሚንሸራተተው የቀለም መስመር ይሆናል።

ከዚያ በአምስተኛው አቬኑ ወደ ሰሜን በእግራችሁ ሂዱ፤ ትንሽ እንደተራመዳችሁ ሮክፌለር ማዕከል ትደርሳላችሁ። ታላቁ የገና ዛፍ እዚያ ነው። ዛሬ 50,000 ያህል መብራት የሚደረግለት፣ ጫፉ ላይ የክሪስታል ኮከብ ያለው ዛፍ ነው። አጀማመሩ ግን ሌላ ነው። በ1931 የገና ዋዜማ፣ ቀውሱ በከፋበት ጊዜ፣ ሕንፃውን የሚገነቡት የቀን ሠራተኞች ገንዘብ አዋጥተው ስድስት ሜትር ያህል የሆነ ዛፍ ገዙ። ቤተሰቦቻቸው በእጃቸው በሠሩት የወረቀት ጌጥና በክራንቤሪ ፍሬ አስጌጡት። ያ ግቢ ጭቃና ፍርስራሽ ነበር። እነዚያ ሠራተኞች “ጊዜው ይሻሻልና እናከብራለን” ቢሉ ኖሮ ዛሬ ዓለም የሚጎርፍበት ልማድ ባልተጀመረ።

ለዛፉ ፎቶ ሕዝቡ ካስቸገራችሁ ማለዳ፣ ገና ሳይነጋ ሂዱ። መብራቱ በርቷል፤ ሕዝቡ ተኝቷል። ሌሊት ሺፍት ለሚሠራ፣ ከሌሊቱ አራት ሰዓት ላይ ተነስቶ ለሥራ መውጣት ለለመደ ሰው ይህ ምን ያስቸግረዋል? ዓመቱን ሙሉ ለሌላ ሰው የተነሳችሁበትን ሰዓት አንድ ቀን ለራሳችሁ ተነሱበት።

ሁለተኛው ምሽት የብሩክሊን ነው። በኤ ወይም በሲ ባቡር ሃይ ስትሪት ወርዳችሁ ወደ ወንዙ ተራመዱ። ከብሩክሊን ድልድይ በስተደቡብ፣ ፒር 1 አጠገብ፣ የአሮጌ የመርከብ ማቆሚያ ምሰሶዎች ውኃ ውስጥ በረድፍ ቆመው ይታያሉ። ማዶው የማንሃተን ጫፍ ነው፤ 541 ሜትር የሚረዝመው ዋን ወርልድ ትሬድ ሴንተር ከሁሉም በላይ ወጥቷል።

አራት ሰዓት ተኩል ላይ ትራይፖዳችሁን ተክላችሁ ጠብቁ። መጀመሪያ ሰማዩ ወደ ግራ በኩል ይቀላል፤ ሕንፃዎቹ ጥቁር ጥላ ናቸው፤ ብዙዎች በዚህ ሰዓት አንድ ሁለት አንስተው ይሄዳሉ። እናንተ አትሂዱ። ሃያ ደቂቃ ያህል ሲያልፍ መስኮቶቹ እዚህም እዚያም ብቅ ማለት ይጀምራሉ። ቅላቱ ይጠፋል፣ ሰማያዊው ይጠልቃል፣ ከወንዙ የሚመጣው ብርድ ጆሮ ይቆነጥጣል። ከዚያ ለአሥር ደቂቃ ያህል ሁሉም ነገር ይስተካከላል። ስምንት ወይም አሥር ሰከንድ ስትከፍቱት የወንዙ ሞገድ ይለሰልሳል፣ ምሰሶዎቹ በጸጥታው መሐል ጥርት ብለው ይወጣሉ፣ በመሐል የምታልፍ ጀልባ አንድ ረጅም የብርሃን መስመር ትታ ትሄዳለች። በዓይናችሁ ያላያችሁት ነገር ነው፤ ካሜራው ስለ ጠበቀ ብቻ ያገኘው።

ድልድዩን ራሱንም በእግራችሁ ተሻገሩት። እግረኞች የሚሄዱበት የእንጨት ወለል ከመኪናው በላይ ነው። እዚያ ላይ ግን ረጅም ሰከንድ አይሠራም፤ መኪናና እግረኛ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ወለሉ ይርገበገባል። አይ ኤስ ኦውን ከፍ አድርጋችሁ በፍጥነት አንሱ። ስትራመዱ ደግሞ የሠሩትን አስቡ። ዲዛይኑን ያወጣው ጆን ሮብሊንግ ሥራው በቅጡ ሳይጀመር በ1869 በአደጋ ሞተ። ልጁ ዋሽንግተን ተረከበ፤ እርሱም ከወንዙ ሥር በሚሠሩበት የአየር ግፊት በታመመ ጊዜ ከቤት መውጣት አቃተው። ሚስቱ ኤሚሊ መመሪያውን ከመኝታ ቤቱ ወደ ሥራው ቦታ እያመላለሰች፣ ራሷም ምህንድስናውን እየተማረች ለዓመታት ሥራውን ያዘች። ድልድዩ በሜይ 24፣ 1883 ተመረቀ። ከምረቃው በፊት በሠረገላ መጀመሪያ የተሻገረችው ኤሚሊ ናት። ባል ታሟልና፣ አማት ሞቷልና ይቅር አላለችም።

ሦስተኛው ምሽት የውኃውና የከፍታው ነው። ከማንሃተን ደቡባዊ ጫፍ የሚነሳው የስታተን አይላንድ ጀልባ ከ1997 ጀምሮ በነፃ ነው፤ ሌት ተቀን ይሠራል፤ ጉዞው 25 ደቂቃ ይፈጃል። ሲሄድ በቀኝ በኩል ቁሙ፤ የነፃነት ሐውልት በዚያ በኩል ታልፋለች። ከኋላ ሆናችሁ ደግሞ ማንሃተን ሙሉ መብራቷን ይዛ ስትርቅ ታያላችሁ። ጀልባው ራሱ ስለሚንቀሳቀስ ትራይፖድ እዚህ አይረዳም። ፍጥነቱን ጨምሩ፣ አይ ኤስ ኦውን ከፍ አድርጉ፣ ደጋግማችሁ አንሱ። ትናንት ወንዝ ዳር የጠቀማችሁ ዘዴ ዛሬ ጀልባ ላይ አይጠቅምም፤ ብልህ ሰው የቆመበትን መሬት አይቶ ዘዴውን ይለውጣል።

ከላይ ሆኖ ከተማዋን ማየት ለሚፈልግ የሮክፌለሩ የ70ኛ ፎቅ መመልከቻ ኤምፓየር ስቴትን ፊት ለፊት ያሳያል። ትኬቱ ርካሽ አይደለም፤ ትራይፖድም አይፈቀድም። መስታወት ባለበት ቦታ ሌንሱን መስታወቱ ላይ አስጠግታችሁ ዙሪያውን በጥቁር ስካርፍ ሸፍኑ፤ የውስጡ መብራት ነጸብራቅ ይጠፋል። ኪስ ካልፈቀደ የሩዝቬልት አይላንድ የገመድ መኪና በተራ የባቡር ዋጋ ከወንዙ በላይ ያሻግራችኋል፤ የብሩክሊን ሃይትስ መናፈሻ መንገድ ደግሞ ፈጽሞ አይከፈልበትም።

ቀኑ ላይ ጊዜ ከተረፋችሁ ሃርለም ሂዱና አቢሲኒያን ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያንን እዩ። እንደ ቤተ ክርስቲያኗ ታሪክ፣ በ1808 ጥቁር አሜሪካውያንና ከኢትዮጵያ የመጡ ነጋዴዎች “ከነጮች ተለይታችሁ ተቀመጡ” ሲባሉ እምቢ ብለው ወጡና የራሳቸውን መሠረቱ። በአገራችን ስም የተጠራችው ይህች ቤት ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ቆማለች። የተዘጋ በር ፊት ቆመው ከማልቀስ የራሳቸውን በር የከፈቱ ሰዎች ሥራ ነው። ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱና ታሪኩን ንገሯቸው።

ብርዱን አክብሩት፣ አትፍሩት

በዲሴምበር መጨረሻ የኒው ዮርክ ምሽት ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ወንዝ ዳርና ድልድይ ላይ ደግሞ ነፋሱ ይጨምርበታል። ፎቶ አንሺ ቆሞ ስለሚጠብቅ ከመንገደኛው ይልቅ ይበርደዋል። ስለዚህ አንድ ወፍራም ጃኬት ብቻ አትመኑ፤ ደራርባችሁ ልበሱ። ከሥር ገላ ላይ የሚጣበቅ ሙቅ ልብስ፣ ከላይ ሹራብ፣ ከዚያ ነፋስ የማያስገባ ጃኬት። የሱፍ ካልሲና ጆሮ የሚሸፍን ኮፍያ አይቅሩ። ጓንታችሁ ስክሪን የሚነካ ይሁን፤ ለአንድ ፎቶ ብላችሁ በየደቂቃው ጓንት ካወለቃችሁ አሥር ደቂቃ አትቆዩም።

ባትሪ በብርድ ቶሎ ይደክማል። መለዋወጫውን ከጃኬታችሁ ውስጠኛ ኪስ፣ ገላችሁ አጠገብ አኑሩት፤ ስልካችሁንም እንዲሁ። ወደ ሞቀ ቤት ከመግባታችሁ በፊት ካሜራውን ዚፕ ባለው ፕላስቲክ ከረጢት አሽጉት፤ አለዚያ የቤቱ እርጥበት ቀዝቃዛው ሌንስ ላይ ላብ ሆኖ ይወርዳል። ከረጢቱ ውስጥ ቀስ ብሎ እስኪሞቅ ተዉት።

የፈረንጆቹ ገና የእኛ ጾመ ነቢያት ውስጥ ስለሚውል ጾመኛ የሆናችሁ የምትበሉት አታጡም። በየመንገዱ ጥግ የቆሙት የምግብ ጋሪዎች ፋላፈል ይሸጣሉ፤ ነጩን ሶስ ተዉና በጣሂኒ ወይም በሚጥሚጣ ዓይነቱ ቀይ ሶስ አስደርጉት። አንድ ቴርሞስ ትኩስ ሻይ በቦርሳ ይኑር። የሞቀ ነገር የጠጣ ሰው ሌላ ግማሽ ሰዓት ይቆያል፤ ምርጡ ፎቶ ደግሞ ብዙ ጊዜ በዚያ ግማሽ ሰዓት ውስጥ ነው ያለው።

አንድ ነገር ደግሞ አደራ። ትራይፖዳችሁ የሰው መንገድ አይዝጋ። መንገድ ላይ ያደረ ምስኪን ሰው የፎቶ ማስዋቢያችሁ አይሁን። በሚኖሩበት ሰፈር ደጃቸውን በመብራት ያስጌጡ ሰዎች ካሉ ከመንገዱ ሆናችሁ አንሱና ሲያዩአችሁ አመስግኗቸው። ባገኙት ውበት ፊት ሥርዓት መያዝ የእኛ አስተዳደግ ነው።

ስትመለሱ

ስትመለሱ ስልካችሁ ውስጥ መቶ የተዝረከረከ ፎቶ ይዛችሁ አትቅሩ። አንድ ምሽት ተቀምጣችሁ አምስቱን ምረጡ። ሌላውን ያለ ርኅራኄ አጥፉ። የመረጣችኋቸውን አሳትሙ፤ አንዱን ግድግዳ ላይ ስቀሉ፣ አንዱን አገር ቤት ላለች እናታችሁ ላኩላት። ለእያንዳንዱ ፎቶ የት እንደቆማችሁና ምን እንደጠበቃችሁ አንድ ሁለት መስመር ጻፉ። በሚቀጥለው ዓመት ስታነቡት ምን እንደተማራችሁ ይነግራችኋል።

ከሁሉም በላይ ግን ይህን ያዙ። ብርሃን ሲያንስ ጊዜ ስጡ። እጅ ሲንቀጠቀጥ የሚደገፉበት ፈልጉ። ሰዓቱ ሳይደርስ ድረሱ፤ ሌላው ሲሄድ ትንሽ ቆዩ። ቋንቋ ለመማር፣ ለፈተና ለማጥናት፣ ትንሽ ንግድ ለመጀመር፣ የተጣላ ወንድም ለመታረቅ የሚያስፈልገው ያው ነው። ብርዱ በበረታበት ወንዝ ዳር ስምንት ሰከንድ በትዕግሥት መቆም የተማረ ሰው በሌላ ቦታም መቆም አያቅተውም።

ኒው ዮርክ ካልተመቻችሁ ያላችሁበት ከተማ ይበቃል። ዋሽንግተን፣ ለንደን፣ ስቶክሆልም፣ ፍራንክፈርት፣ ሁሉም በክረምት ቶሎ ይመሻሉ፣ ሁሉም መብራት አላቸው። ስለዚህ ዛሬውኑ አንድ ቀን ምረጡ፤ በዚያ ቀን ፀሐይ የምትጠልቅበትን ሰዓት ስልካችሁ ላይ እዩ፤ ሺፍታችሁን አስተካክሉ፤ ከመጥለቋ ግማሽ ሰዓት ቀድማችሁ በቦታው እንድትደርሱ ከቤት ውጡ። ዕረፍቱን የሠራችሁለት እናንተ ናችሁ፤ ተጠቀሙበት።